ምህንድስናዬን ጥዬ የፓተንት ሕግ ልማር?

ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። የምኖረው ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ነው። ዕድሜዬ 33 ነው። በሜካኒካል ምህንድስና ተመርቄ አንድ የዱቄትና የፓስታ ፋብሪካ ጥገና ክፍል ከገባሁ 9 ዓመት ሞላኝ። ባለትዳር ነኝ፤ የ4 ዓመት ልጅ አለችኝ።

ከሁለት ዓመት በፊት የዱቄት ብናኝ እየገባ ኩሽኔታ የሚያቃጥልብንን ማጓጓዣ ለማዳን አንድ ነገር ሠራሁ። (እዚህ ላይ ሁለት አንቀጽ ወጥቷል፤ ምክንያቱን በመልሴ እናገራለሁ።) በወር ሁለት ሦስቴ እንቀይረው የነበረው ኩሽኔታ ዘንድሮ የተቀየረው አንዴ ብቻ ነው። ለዋናው መሥሪያ ቤት በሄደው ሪፖርት ላይ ግን የእኔ ስም የለም፤ የክፍል ኃላፊዬ ስም ነው ያለው። ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ። ያኔ አንዲት ጓደኛዬ «ፓተንት አውጪበት» አለችኝ፤ ፈጠራን ሌላ ሰው ያለ ፈቃድ እንዳይሠራበት የሚከለክለውን መብት ማለቷ ነው። ስለ ፓተንት ማንበብ ጀመርኩ፤ ንባቡ ግን ከእኔ መሣሪያ አልፎ ይዞኝ ሄደ። ልጄን አስተኝቼ የማላውቃቸውን ሰዎች የፈጠራ ሰነድ እያወረድኩ ሳነብ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ይሆናል። እንዲህ ያለ ሥራ መኖሩን ሳላውቅ 9 ዓመት መቆየቴ ያንገበግበኛል።

አሁን ሥራዬን ለቅቄ ሕግ ልማር እያልኩ ነው። ባለቤቴ «እንዳልሽ» ይለኛል፤ የቤት ኪራይ እንዳለብን ግን ሁለታችንም እናውቃለን። ሐረር ያለችው እናቴ «ኢንጂነር እያልኩ ስጠራሽ ኖሬ አሁን ለጎረቤት ምን ልበል?» ብላ ከፋት። የተማርኩት ሁሉ ባከነ ማለት ነው? በ33 ዓመት አልረፈደብኝም? ደግሞስ ድሬ ተቀምጦ ይሄ ሥራ ይሠራል?

ሁለት ልብ የሆንኩት፣ ከሳቢያን

*

እህቴ፣ ከወጡት ሁለት አንቀጾች ልጀምር። መሣሪያሽ ከምን እንደተሠራ፣ የት እንደሚገጠም፣ ብናኙን እንዴት እንደሚመልስ አንድ በአንድ ጽፈሽልኛል። ጥርት ያለ አጻጻፍ ነው፤ እዚህ ቁጭ ብዬ መሣሪያውን በዓይኔ አየሁት። ያወጣሁትም ለዚሁ ነው። እኔ ያየሁትን ያህል አንባቢው ሁሉ ያየው ነበር። ፓተንት ሲጠየቅ መጀመሪያ የሚመረመረው ነገሩ አዲስ መሆኑ ነው። አዲስ የሚባለውም ማመልከቻው ከገባበት ቀን በፊት በዓለም ላይ የትም ለሕዝብ ያልተገለጠ ሲሆን ነው። በዚህ ዓምድ ላይ የታተመ ነገር ለሕዝብ ተገልጧል። በአውሮፓ ደግሞ ምስጢሩን ያወጣው ባለቤቱ ራሱ ቢሆንም ይቅርታ የለም፤ ማመልከቻ ከማስገባትሽ ከአንድ ቀን በፊት በባዛር ላይ ብታሳዪው አበቃ። ወረቀትሽን መልሼ እልክልሻለሁ። ከእንግዲህ ለጓደኛም ለጋዜጠኛም ስታወሪ «ኩሽኔታውን ከብናኝ የሚጠብቅ ነገር ሠርቻለሁ» ብለሽ እዚያው ላይ አቁሚ።

ቀጥሎ ያለው ደስ አይልሽ ይሆናል። የፈጠራ፣ የአነስተኛ ፈጠራና የኢንዱስትሪያዊ ንድፍ አዋጅ ቁጥር 123/1987 እንደሚለው፣ በውላችሁ ላይ ሌላ ነገር ካልተጻፈ በቀር፣ ሠራተኛ በተቀጠረበት ሥራ ላይ ሆኖ የፈጠረው ነገር ፓተንት የአሠሪው ነው። የሠራተኛው የሚሆነው ከቅጥሩ ጋር ምንም ሳይገናኝ፣ የአሠሪውን ዕቃ፣ መረጃና መሣሪያ ሳይነካ የሠራው ነው። አንቺ የጥገና መሐንዲስ ነሽ፤ ያዳንሽው የፋብሪካውን ማጓጓዣ ነው፤ የሠራሽውም በፋብሪካው ዕቃና መሣሪያ ነው። ስለዚህ የቅጥር ውልሽን አውጥተሽ ቃል በቃል አንብቢው፤ ግን ብዙ ተስፋ አታድርጊበት።

የስሙ ነገር ግን ለብቻው ነው። የፓተንቱ ባለቤት ፋብሪካው ቢሆን እንኳ ፈልሳፊዋ አንቺ ነሽ፤ ፓተንት ቢወጣ ስምሽ በፈልሳፊነት ሊጻፍ ይገባል። አለቃ መሆን ፈልሳፊ አያደርግም። በእጅሽ የሳልሻቸውን ንድፎች፣ የመጀመሪያውን ሙከራ ቀን፣ የኩሽኔታውን የመለወጫ መዝገብ ሰብስበሽ፣ ቀን ያለበትና ረጋ ያለ ማስታወሻ ለኃላፊዎችሽ አስገቢና ቅጂውን ያዢ። ክስ አይደለም፤ «ይህን የሠራሁት እኔ ነኝ፣ ሪፖርቱ ይታረም» ማለት ብቻ ነው። ስድብም ልመናም አይግባበት።

ይህን ያስቀደምኩት ደብዳቤሽ ውስጥ ሁለት እሳት ስላየሁ ነው። አንደኛው ስምሽን የነጠቀሽ ሰው ያቀጣጠለው ነው። ሁለተኛው ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ድረስ የሚያስነብብሽ ነው። በሕግ የመጀመሪያ ዲግሪ በአገራችን 5 ዓመት ይፈጃል፤ በማታ ከሆነ ከዚያም ሊረዝም ይችላል። ያ ንዴት 5 ዓመት አይነድልሽም፤ በሁለተኛው ዓመት የውርስ ሕግ ስታጠኚ ጠፍቶ ታገኚዋለሽ። ልጄን አስተኝቼ የማላውቃቸውን ሰዎች ሰነድ አነባለሁ ያልሽው ግን አሳምኖኛል። የፓተንት ሰነድ ደረቅ ጽሑፍ ነው። ማንም ሳያስገድደው እየወደደ የሚያነበው ሰው በዚህ ሁሉ ዓመት ያገኘሁት በጣት የሚቆጠር ነው።

እንግዲህ ወደ ጥያቄሽ እንሂድ፤ ምህንድስናው ባከነ ወይ? ለከፋቸው እናትሽም የጤፍን ነገር ንገሪያቸው።

እ.ኤ.አ. በ2005 አንድ የኔዘርላንድ ኩባንያ ከአገራችን ጋር የጤፍን ጥቅም ለመጋራት ተፈራረመ። በ2007 የአውሮፓ ፓተንት ቢሮ በጤፍ ዱቄት ላይ ፓተንት ሰጠው። በ2009 ኩባንያው ከሰረ፤ ስምምነቱ ወረቀት ሆኖ ቀረ፤ ፓተንቱ ግን በሌላ ኩባንያ እጅ በሕይወት ኖረ። እኛ ዘንድ ነገሩ የሚታወቀው «ጤፋችንን ሰረቁን» ተብሎ ነው፤ ቁጣው ተገቢ ነው። ሰነዱን ከፍቶ ላነበበው ሰው ግን ያ ሁሉ ነገር የተንጠለጠለው በአንድ ቁጥር ላይ ነበር፤ በሚፈጭበት ጊዜ ፎሊንግ ነምበሩ ቢያንስ 250 የሆነ ጤፍ።

አንቺ ዱቄት ፋብሪካ ውስጥ ስለሆንሽ ይህን ቁጥር ከላቦራቶሪያችሁ ታውቂዋለሽ። ለሌላው አንባቢ ልንገር። ዱቄትና ውኃ በጠባብ ብርጭቆ ቱቦ ይበጠበጥና በፈላ ውኃ ውስጥ ይገባል፤ ከዚያ አንድ ዘንግ ይለቀቅበታል፤ ዘንጉ ወርዶ ታች እስኪደርስ ስንት ሰኮንድ እንደፈጀ ይቆጠራል። በእህሉ ውስጥ ስታርችን የሚሰብረው ኢንዛይም በበዛ ቁጥር ሙቁ ይቀጥንና ዘንጉ ቶሎ ይወርዳል። ጤፍ ከታጨደ በኋላ ከርሞ ሲፈጭ ቁጥሩ ከፍ ይላል። እናትሽን ጠይቂያቸው፤ አዲስ ጤፍና የከረመ ጤፍ ቡኮው ላይ አንድ እንዳልሆነ ይነግሩሻል።

ነገሩ ፍርድ ቤት የደረሰው ባለ ፓተንቱ እዚያው ኔዘርላንድ ያለ ሌላ ኩባንያን ሲከስ ነው። ተከሳሹ «መጀመሪያ ፓተንቱ ራሱ መሰጠት ነበረበት ወይ?» ብሎ ተከራከረ። በኖቬምበር 2018 የሄግ ፍርድ ቤት፣ የተባለው ነገር በዘርፉ ላለ ባለሙያ ከተለመደ እውቀት አያልፍም፣ የፈጠራ እርምጃ የለበትም ብሎ ፓተንቱን ሻረው። የሻረው ለኔዘርላንድ ነው፤ ፓተንት በየአገሩ ነውና። ከተሰጠበት እስከተሻረበት ድረስ 11 ዓመት አለፈ።

ያንን ሰነድ የሚያፈርሰው ሰው ምን ማወቅ ነበረበት? የክርክር ሥርዓት ብቻ ያጠና ጠበቃ 250 የሚለውን አይቶ ያልፈዋል። የእህል ቴክኖሎጂ ብቻ የሚያውቅ መሐንዲስ ደግሞ «ይሄማ የታወቀ ነገር ነው» ብሎ ተናዶ ይተወዋል። የሚያስፈልገው «ይህ ቁጥር የታወቀ ነው፤ የታወቀበትም ማስረጃ እነሆ፤ ከማመልከቻው ቀን በፊት የታተመ ነው» ብሎ ማሳየት የሚችል ሰው ነው። ስለዚህ ምህንድስናሽ አይባክንም። ሌላው ሕግ ተማሪ በአምስት ዓመት የማያገኘውን ግማሽ አንቺ ይዘሽ ነው የምትገቢው።

የቀረውን ግማሽ ላሳይሽ። የመጣሁበት መንገድ ካንቺ ጋር ስለሚመሳሰል ሳልደብቅ እነግርሻለሁ። እኔም ሕግ የተማርኩት 11 ዓመት ማሽን ሾፕ ከሠራሁ በኋላ፣ በ36 ዓመቴ፣ በማታ ነው። የቶርኖ (የብረት መቅረጫ ማሽን) ሥራን የተማርኩት ከሹመንደፈር፣ ከድሮው የምድር ባቡር፣ ጡረተኞች እግር ሥር ነው። ቁራጭ ብረት አንሥተው «ይሄ ምን ይሠራል?» ብለው ይጠይቁ ነበር እንጂ «ይሄ ምን ይባላል?» ብለው አይጠይቁም። ያ ጥያቄ ለፓተንት ሥራ ከየትኛውም የሕግ ትምህርት ይበልጥ እንደሚያስፈልገኝ የገባኝ ዘግይቶ ነው፤ የገባኝም በሌላ ሰው ኪሳራ ነው።

ሕጉን ጨርሼ ሥራ እንደጀመርኩ አንድ የብረታ ብረት ባለሙያ የለውዝ መፈልፈያ ይዞ መጣ። ለባቢሌ ገበሬዎች የሠራው ነው። በጎማ የተለበደ ከበሮ በግማሽ ክብ ወንፊት ውስጥ ይዞራል፤ ለውዙ በሁለቱ መካከል ሲያልፍ ቅርፊቱ ይሰበራል። እዚህ ድረስ የታወቀ ነው። ከባዱ ነገር ለውዝ አንድ መጠን አለመሆኑ ነው። ክፍተቱን ብታጠቢው ትልቁ ፍሬ ይደቃል፤ ብታሰፊው ትንሹ ሳይፈለፈል ይወርዳል። ሌሎች ማሽኖች ላይ ክፍተቱ በብሎን ይስተካከላል፤ አንዴ ካሰርሽው ያው ነው። የእሱ ወንፊት ግን በሁለት ሞላ (ስፕሪንግ) ላይ ተቀምጧል። ትልቅ ለውዝ ሲመጣ ወንፊቱ ይሸሻል፣ ሲያልፍ ይመለሳል። ፍሬው ሳይሰበር ሲወርድ ሳይ ገርሞኝ አንድ እፍኝ አንሥቼ በላሁ።

በአዋጁ አነስተኛ ፈጠራ ለሚባለው እንዲመዘገብ ጻፍኩለት። አነስተኛ ፈጠራ የፈጠራ እርምጃ አይጠየቅበትም፤ አዲስ መሆኑና ለኢንዱስትሪ መዋሉ ይበቃል። ጥበቃው 5 ዓመት ነው፤ አንዴ ለሌላ 5 ዓመት ይታደሳል። ማመልከቻ ውስጥ ሥዕሉም መግለጫውም አስፈላጊ ነው፤ የመብቱን አጥር የሚያጥረው ግን ክሌም የምንለው ዓረፍተ ነገር ነው። እኔም በዚያ ዓረፍተ ነገር ያየሁትን ጻፍኩ፦ «ወንፊቱ በሁለት ሞላ የተደገፈ የለውዝ መፈልፈያ»። ወረቀቱ ወጣ፤ ሰውዬው ደስ አለው፤ እኔም ደስ አለኝ።

ብዙም ሳይቆይ ሌላ ሰው ያንኑ ማሽን ገበያ አወጣ። ከበሮው ያው፣ ወንፊቱ ያው፣ ሽሽቱም ያው። ሞላው ግን የለም፤ በሞላው ፈንታ ከአሮጌ የመኪና ጎማ የተቆረጠ ወፍራም ቁራጭ ከሥሩ ገብቷል። ባለሙያው የምስክር ወረቀቱን ይዞ እየሮጠ መጣ። ከፍቼ የራሴን ዓረፍተ ነገር አነበብኩት። ሞላ ይላል። ያውም ሁለት ይላል። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ሳይደርስ መሸነፋችንን የነገርኩት እኔው ነኝ።

ምን ብዬ መጻፍ ነበረብኝ? ሽማግሌዎቹ እንዳስተማሩኝ «ሞላው ምን ይሠራል?» ብዬ ብጠይቅ ኖሮ መልሱ ሲገፋ የሚሸሽ፣ ሲለቁት የሚመለስ ድጋፍ ነው። እንዲያ ብዬ ብጽፈው ኖሮ ሞላም፣ ጎማም፣ ነገ ሌላ ሰው የሚያስበውም በአጥሩ ውስጥ ይገባ ነበር። እዚህ ጋ ደግሞ ሌላ ገደል አለ። ስግብግብ ሆነሽ «በማንኛውም ድጋፍ የተደገፈ ወንፊት» ብትዪ በብሎን የታሰሩት የድሮ ማሽኖች ሁሉ ይገቡበታል፤ መርማሪው «ይሄማ ድሮም ነበር» ብሎ ይመልስልሻል፣ እውነቱንም ነው። የፓተንት ሥራ ማለት በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለችውን ጠባብ መንገድ በቃላት መሄድ ነው። ሰውዬው አንድ ቀን ወቅሶኝ አያውቅም፤ ዛሬም ሲያገኘኝ አቅፎ ይስመኛል። እኔ ግን ክሌም በጻፍኩ ቁጥር ያንን የጎማ ቁራጭ አየዋለሁ።

አንቺስ ቃል ላይ እንዲህ መጨነቅ ትወጂያለሽ? ሥራው ከሞላ ጎደል ይሄ ነው። ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ነሽ፤ ማሽን ድምፅ የለም፤ ዘይት የለም፤ ጠዋት የተበላሸው ማታ ሲዞር አይተሽ የምታገኚው እርካታ የለም። ውጤቱ ከዓመታት በኋላ ይመጣል፤ አንዳንዴም ጨርሶ አይታይም። ብዙ መሐንዲስ ሕጉ ከብዶት አይወጣም፤ ዝምታው ከብዶት ነው የሚወጣው። ይህን ለራስሽ በሐቅ መልሺ።

መንገዶቹን በአጭሩ ልንገርሽ፤ ሁሉም የሕግ ዲግሪ አይጠይቁምና። የፈጠራ ማመልከቻ የሚቀርበውም የሚመረመረውም አዲስ አበባ፣ በኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ነው፤ መጀመሪያ በአዋጅ ቁጥር 320/1995 ጽሕፈት ቤት ሆኖ የተቋቋመው ነው። የመርማሪነት ሥራ የሚፈልገው የቴክኒክ ሰው ነው፤ የአንቺ ዲግሪ እንዳለ ይሄዳል። ቤተሰብሽ ድሬ ስለሆነ ግን መጀመሪያ የምትመርጪው አይመስለኝም። ሁለተኛው፣ ፈቃድ ባለው ወኪል ወይም ጠበቃ ሥር ሆኖ ፍለጋ፣ ንድፍና መግለጫ መሥራት ነው። ይህ ድሬ ተቀምጦ በኮምፒውተር ይሠራል፤ ለአንቺ የመጀመሪያው በር ይሄ ነው ባይ ነኝ። ሦስተኛው ሕጉን እስከ ጥብቅና ፈቃድ መግፋት ነው። በ2013 የወጣው የፌዴራል የጥብቅና አዋጅ ቁጥር 1249 ጠበቆች ድርጅት አቋቁመው በጋራ እንዲሠሩ ፈቅዷል፤ መሐንዲስም የሕግ ሰውም የሆነች ባልደረባ የሚፈልግ ቤት ከዚህ በኋላ ይበዛል ብዬ አምናለሁ።

ሕጉን ከመረጥሽ ድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲም ሐረማያም የሕግ ኮሌጅ አላቸው። ሁለቱም ሬጅስትራር ድረስ ሄደሽ የማታና የቅዳሜ እሁድ ምዝገባውን ጠይቂ። ሐረማያ ከሆነ ደንገጎን መውጣትና መውረዱን ከልጅሽ ሰዓት ጋር ቁጠሪው፤ እኔ ሳልቆጥረው ገብቼ ሁለት ሴሚስተር አቋርጫለሁ። የውጭ አገሩንም መንገድ ልንገርሽ። አሜሪካ ውስጥ መሐንዲስ ሆኖ የሕግ ዲግሪ የሌለው ሰው የፓተንት ቢሮውን ፈተና አልፎ የፓተንት ወኪል መሆን ይችላል፤ ፈተናው 100 ምርጫ ጥያቄ ነው፤ ነገር ግን እዚያ በሕግ የመኖርና የመሥራት ፈቃድ ያለው ሰው ነው የሚፈተነው። በአውሮፓ ደግሞ በሳይንስ ወይም በምህንድስና ዲግሪ ላይ በባለሙያ ሥር 3 ዓመት ያህል ልምምድ ይጠየቃል። ይህ መንገድ ላንቺ ዛሬ አይደለም፤ ዕድሉ ቢመጣ ግን ዲግሪሽ እዚያም በር ከፋች መሆኑን እወቂው።

ስለ ገንዘቡ አላባብልሽም። በአገራችን በአእምሯዊ ንብረት የሚተዳደር ሰው እንጀራው በአብዛኛው የንግድ ምልክት ነው፤ ፓተንት አልፎ አልፎ የሚመጣ እንግዳ ነው። የንግድ ምልክት በአዋጅ ቁጥር 501/1998 ለ7 ዓመት ይመዘገባል፣ ይታደሳል፤ ሱቅና ፋብሪካ ባለበት ሁሉ ሥራው አለ። ይህንንም አትናቂው። የእናትሽ አገር ስም ራሱ በዚህ ሥራ ነው የተከበረው። እ.ኤ.አ. በ2005 መንግሥታችን ሐረር፣ ሲዳሞ፣ ይርጋጨፌ የሚሉትን የቡና ስሞች አሜሪካ ውስጥ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ አመለከተ። የአሜሪካ ቡና ነጋዴዎች ማኅበር ተቃወመ፤ ክርክሩ ዓለምን አዳረሰ፤ በ2007 ከስታርባክስ ጋር ስምምነት ተፈረመ። ሐረር የሚለው ቃል በአንድ የፈረንጅ ጥቅል ላይ ሲጻፍ ለምን የእኛ እንደሆነ ቁጭ ብሎ የጻፈ ሰው ነበረ። ለጎረቤት ምን ልበል ላሉት እናትሽ ይሄ አይበቃም?

የድሬም ነገር እየተለወጠ ነው። ባቡሩ ጅቡቲን አገናኝቷል፤ ነጻ የንግድ ቀጠናው ነሐሴ 2014 ተከፍቷል። ከውጭ ማሽን የሚያስገባ ሰው የፈቃድ ውል ይፈርማል፤ ውሉ ውስጥ «ፓተንት» የሚል ቃል አለ፤ ሳያነበው የሚፈርመው ብዙ ነው። የተጠቀሰው ፓተንት ጊዜው አልፎ እንደሆነ፣ ኢትዮጵያ ውስጥ ተመዝግቦ እንደሆነ አይቶ የሚነግረው ሰው እዚህ ከተማ ውስጥ ስፈልግ አላገኘሁም። በአገራችን ፓተንት 15 ዓመት ነው፤ አገር ውስጥ በሥራ ላይ መዋሉ ከታየ 5 ዓመት ይጨመርለታል። ካለፈ የማንም ነው። በሌላ አገር ተመዝግቦ እዚህ ላልተመዘገበ ነገር እዚህ ክፍያ ሲጠየቅ፣ «ለምን?» ብሎ መጠየቅ ብቻውን የአንድን ወርክሾፕ የዓመት ትርፍ ያድናል።

እንግዲህ ምን ታድርጊ? መልቀቂያ አታስገቢ። ደመወዝሽ ልጅሽን እያበላ ስድስት ወር ራስሽን ፈትኚ። የዓለም የአእምሯዊ ንብረት ድርጅት አካዳሚ ዲኤል 101 የሚባል በነጻ የሚሰጥ የርቀት ኮርስ አለው፤ ከዚያ ጀምሪ። ንባብሽን ደግሞ መልክ አስይዢው። ፓተንቶች በዓለም ዙሪያ በአንድ ምድብ ነው የሚደረደሩት፤ ለውዝና መሰል ፍሬ መፈልፈያ ለምሳሌ ኤ23ኤን 5 በሚለው ሥር ነው። ኢስፓስኔት ወይም ፓተንትስኮፕ በሚባሉት የፓተንት መፈለጊያ ድረ ገጾች ላይ ምድቡን አስገብተሽ ከአሮጌው ወደ አዲሱ አንብቢ፤ እያንዳንዱ ሰው ከቀደመው ላይ ምን እንደጨመረ በአንድ መስመር ጻፊ። አንቺ የምታውቂውን የማጓጓዣና የኩሽኔታ ምድብ ፈልገሽ ብታገኚው ደግሞ ይበልጥ ይጣፍጥሻል። የፋብሪካሽን ምስጢር ግን በዚህ ውስጥ አታስገቢ፤ የሌላ ሰውን ምስጢር መጠበቅ በዚህ ሙያ ከመጀመሪያው ቀን ይጀምራል።

ከዚያ አንድ የከተማችንን ብረታ ብረት ሠሪ ፈልጊና የሠራውን ነገር ሳታስከፍዪው በዓለም ላይ ከእሱ በፊት ማን እንደሠራው ፈልገሽለት ስጪው። ብዙ ጊዜ «ተቀድመሃል» የሚል መርዶ ነው የምትነግሪው። መርዶ ነግረሽ ሰውዬው ቡና ጋብዞ ሲሸኝሽ፣ አንቺም በማግስቱ ለሌላው ልፈልግ ካልሽ፣ ያኔ ለሕግ ትምህርቱ ተመዝገቢ። ዕድሜሽን አታንሺብኝ፤ 5 ዓመቱ ተማርሽም አልተማርሽም ያልፋል፣ 38 መሆንሽ አይቀርም።

ስድስቱን ወር ዛሬ ማታ ጀምሪው። ወረቀት አውጥተሽ ስለ ጀበና አንድ ክሌም ጻፊ። አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ። ጡት ያለው ጀበና አለ፣ በአንገቱ የሚቀዳ ጡት የሌለው አለ፤ የሸክላ አለ፣ አሁን አሁን የብረትም ታያለሽ፤ ክዳኑ ሣር የሆነ አለ። ሁሉም በአጥሩ ውስጥ ይግቡ፤ እንስራና ማንቆርቆሪያ ግን ይውጡ። ስትጽፊ «አንገት» የሚለው ቃል ላይ የምትቆሚ ይመስለኛል፤ አንገቱ ምን ይሠራል ብለሽ ጠይቂው። ሦስት አራቴ ቀድደሽ እንደገና ከጻፍሽው በኋላ ላኪልኝ። ጀበና የማንም ምስጢር አይደለምና ይህኛውን ሳልቆርጥ አትመዋለሁ።